የታይሮይድ መድኃኒትና ቫይታሚን አንድ ላይ ሲዋጡ

ችግሩ ሰዓቱ ላይ ይመስለኛል። የታይሮይድ መድኃኒትሽን፣ ሌቮታይሮክሲኑን፣ ከአይረንና ከካልሲየም ጋር ጠዋት አንድ ላይ እየዋጥሽ፣ «ቲኤስኤች (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ ቁጥር) ለምን አልወርድ አለኝ?» ብለሻል። አይረኑም ካልሲየሙም ሆድ ውስጥ መድኃኒቱን ይይዙትና በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። መጠኑ ይጨመርልኝ ከማለትሽ በፊት ይህን ሞክሪ፦

1. ሌቮታይሮክሲኑን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ዋጪ። ቁርስም ቡናም ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይሁን። አንድ ሰዓት ብትታገሺ ደግሞ ይሻላል።

2. አይረኑና ካልሲየሙ፣ ሌቮታይሮክሲኑን ከዋጥሽ ቢያንስ 4 ሰዓት ቆይተሽ። አይረኑን ከምሳ፣ ካልሲየሙን ከራት ጋር አድርጊው። መልቲቫይታሚንም ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አሉበት፣ እንዳትረሺው።

3. ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቀሽ ድጋሚ ተመርመሪ። ከዚያ በፊት ቲኤስኤች እውነቱን አይናገርም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሐኪምሽን አናግሪ።

በጾም ጠዋት ውሃም የማትቀምሺ ከሆነ፣ ማታ ራት ከበላሽ 3 ሰዓት ቆይተሽ መዋጥም ይሠራል። ያኔ ካልሲየሙ ወደ ምሳ ይሂድ። ለሐኪምሽ ግን ንገሪው።

ሌላው፣ ለፀጉር ብለሽ የጀመርሽው ቫይታሚን ነው። ጠርሙሱን ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ፤ «ባዮቲን 5000» ወይም «10,000 ማይክሮግራም» የሚል ካለበት፣ ከደም ምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት አቁሚው። ታይሮይዱን ባይነካም የላቦራቶሪውን መሣሪያ ያሳስታል። አንዲት ዘመዴ ይህንኑ እየወሰደች፣ ሆርሞኗ አንሶ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ እየተንቀጠቀጠች፣ ውጤቷ «ሆርሞንሽ በዝቷል» ብሎ መድኃኒቷን ሊያስቀንስባት ነበር። ደም ስትሰጪ የምትወስጂውን ሁሉ ተናገሪ፤ ካልነገርሻቸው ብዙዎቹ አይጠይቁሽም።