ከአገሩ በፊት መምህሩን ምረጡ

ውድ ልጆቼ፣

በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምና በሞጣ ያላችሁ ወጣቶች ስለ ውጭ ትምህርት ስትጠይቁኝ ጥያቄያችሁ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአገር ስም ነው። «ጀርመን ይሻላል ወይስ ስዊድን?»፣ «የጣሊያን ቪዛ ይቀላል የሚባለው እውነት ነው?» ትሉኛላችሁ። በአፈር ሳይንስ ሙያ ዕድሜዬን ያሳለፍሁና የድኅረ ምረቃ ትምህርቴንም በአውሮፓ የተከታተልሁ ሰው እንደ መሆኔ የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በመጀመሪያ ምን ማጥናት እንደምትፈልጉ ወስኑ፣ ቀጥሎ ያንን ጉዳይ አሳምሮ የሚያስተምረው ማን እንደ ሆነ ፈልጉ፣ አገሩ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ይህ አካሄድ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ቅኔ ሊማር ደበሎውን ለብሶ ከቤቱ የወጣ የቆሎ ተማሪ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ያቀናው የቤቱን የቅኔ ስልትና የመምህሩን ዕውቀት ሰምቶ እንጂ ቦታው ይመቸኛል ብሎ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲም በዚሁ መንገድ ሊመረጥ ይገባል። ዝናው በዓለም የናኘ ተቋም እናንተ በምትፈልጉት ጉዳይ ላይ የሚሠራ አንድም መምህር ላይኖረው ይችላል፤ እኛ ዘንድ ስሙ ያልተሰማ የአንዲት ትንሽ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በዚያው ጉዳይ የታወቀ የምርምር ቡድን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት የመምህራኑን ጽሑፎች ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ካነበባችሁም በኋላ ጉጉታችሁ ካልጨመረ ሌላ ቦታ ተመልከቱ።

ሞቲቬሽን ሌተር የምንለው የማመልከቻ ደብዳቤ የሚበላሸውም ይህ ሥራ ሳይሠራ ሲቀር ነው። በጎዛምን ወረዳ በግብርና ባለሙያነት የሚሠራ አንድ ወጣት የጻፈውን እንዳይለት አምጥቶልኝ ነበር። ደብዳቤው «ከልጅነቴ ጀምሮ በአውሮፓ የመማር ሕልም ነበረኝ» ብሎ ይጀምርና አንድ ገጽ ሙሉ ዩኒቨርሲቲውን ያወድሳል። ደብዳቤውን አስቀምጬ ስለ ሥራው እንዲያጫውተኝ ጠየቅሁት። ከባድ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ የወሰደበት አሲዳማ አፈር፣ በአሉሚኒየም ምክንያት ሥሩ አላድግ ብሎ የቢጫነት ምልክት ያሳየ ገብስ፣ ለአንድ ሄክታር በብዙ ኩንታል የሚቆጠር ኖራ ያስፈልጋል ሲባል «በምን አህያ ላጓጉዘው?» ብለው የጠየቁት አዛውንት ገበሬ፣ እየዘገየ የእርሻው ወቅት ካለፈ በኋላ የሚራገፈው ኖራ፣ ሁሉንም ሳይሰለች ነገረኝ። በመጨረሻም ኖራው በማሳው ሁሉ ከሚበተን በትንሹ በዘር መስመሩ ላይ ቢደረግ ምን ያህል ምርት ይሰጥ ይሆን እያለ እንደሚያስብ አጫወተኝ። የሚጻፈው ይህ ነው አልሁት። አዲሱ ደብዳቤ ከፊተኛው በግማሽ ያጠረ ቢሆንም ከእርሱ በቀር ማንም ሊጽፈው የማይችል ሆነ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣችሁ በወረዳ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በትምህርት ቤት መሥራትን እንደ ባከነ ዘመን አትቁጠሩት የምለውም ለዚህ ነው። የጀርመኑ የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት ዳአድ ለልማት ነክ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች በሚሰጠው ስኮላርሺፕ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የአውሮፓ ኅብረት የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ኢራስመስ ሙንደስ ደግሞ ተማሪውን ከአንድ በላይ በሆኑ አገሮች እያዘዋወረ የሚያስተምር ሲሆን፣ ሙሉ ዕድሉን ያገኘ ተማሪ በወር 1,400 ዩሮ ይከፈለዋል። አብዛኞቹ የኢራስመስ ሙንደስ ማመልከቻዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሚዘጉ ዝግጅቱ ከክረምቱ መጀመር አለበት።

ስለ ገንዘብ በግልጽ መነጋገር አለብን። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ሆኖም ባደን ቩርተምበርግ በተባለው ክፍለ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል፤ ስዊድን በ2011፣ ኖርዌይም በ2023 እንዲህ ያለውን ክፍያ ጀምረዋል። ትምህርቱ ነፃ በሆነበትም ቦታ ኑሮው ነፃ አይደለም። ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ የጀርመን ቪዛ ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፤ ከዚያም በወር 992 ዩሮ ብቻ እያወጣ ይኖርበታል። ይህን ለማሟላት ሲሉ ወላጆች በሬ ሸጠው፣ መሬት አከራይተው፣ ከዘመድ ተበድረው ገንዘቡን ለደላላ ሲያስረክቡ አይቻለሁና እጅግ ያሳዝነኛል። «ዩኒቨርሲቲውን እኔ አስገባሃለሁ» የሚል ሰው የሚያደርግላችሁ ነገር ቢኖር ራሳችሁ በነፃ ልትሞሉት የምትችሉትን ቅጽ መሙላት ነው። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠየቅበት ቦታ መኖሩ እውነት ነው፤ ለምሳሌ የበርካታ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎችን ማመልከቻ የሚያጣራው ዩኒ-አሲስት ለመጀመሪያው 75 ዩሮ ያስከፍላል፤ ነገር ግን ክፍያው ለተቋሙ በቀጥታ ይፈጸማል እንጂ በሰው እጅ አይላክም።

ሰነዳችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የወጪ መጋራት ግዴታ ያለበት ሰው በጊዜያዊው የምስክር ወረቀት (በቴምፖ) ብቻ ይቆይና ኦሪጅናል ዲግሪውን ለማውጣት ሲሯሯጥ ቀኑ ያልፍበታል። እኛ አካባቢ መንገድ የሚዘጋበትና ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ መኖሩን ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ትራንስክሪፕቱም፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤም፣ የውጭ ጉዳይ ማረጋገጫውም የማብቂያው ሳምንት እስኪደርስ ሊጠበቁ አይገባም።

ዕድሉን አግኝታችሁ ስትሄዱ ብርዱን ትለምዱታላችሁ፤ በታኅሣሥ ከቀኑ በ10 ሰዓት የሚመጣውን ጨለማም እንዲሁ። ከዚያ ይልቅ የሚከብደው ክፍሉ ነው። እኛ በታላቅ ፊት ዝም ማለትን ጨዋነት ብለን ያደግን ነን፤ በዚያ ግን በሴሚናር ዝም ያለ ተማሪ ሳያነብ እንደ መጣ ይቆጠራል፤ መምህሩም በማስረጃ ሲሞግቱት ደስ ይለዋል። በአውሮፓው አሠራር የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ አብዛኛው ብቻችሁን የምታነቡበት ሰዓት ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ ምንጭ ሳይጠቅሱ መገልበጥም እስከ መባረር ያደርሳል።

ስኮላርሺፕ ለአንድ ሰው መኖሪያ ተለክቶ የሚሰጥ ስለሆነ በትምህርቱ ዘመን ወደ ቤት ብዙ ገንዘብ መላክ እንደማትችሉ ከመሄዳችሁ በፊት ለእናትና ለአባታችሁ ቁጭ ብላችሁ አስረዱ። ይህን ሳይናገሩ ሄደው ሌሊት ሲሠሩ አድረው ቀን በክፍል የሚያንቀላፉ ጎበዝ ልጆችን አውቃለሁ።

የመመረቂያ ጥናታችሁን ከተቻለ በዚሁ በአገራችሁ ጉዳይ ላይ አድርጉት። የግብርና ሰው የሆነ ከመሳፈሩ በፊት አዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ድረስ ሄዶ በየትኛው ወረዳ ምን ዓይነት መረጃ እንደ ተሰበሰበ ይጠይቅ፤ የጤና ባለሙያም፣ የውኃ መሐንዲስም በየመሥሪያ ቤቱ እንዲሁ ያድርግ። አማካሪ መምህራችሁ የጎዛምንን አፈር አይቶት አያውቅምና መጀመሪያ በምትገናኙበት ዕለት ስለዚያ አፈር የሚያስረዱት እናንተ ናችሁ።