«ልጄን አደጋ አያጣውም፤ ችግር ይኖርበት ይሆን?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ወንድ ልጅ አለኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምና በር ተከፍቶ ወጥቶ ከደረጃ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። በቅርቡ ደግሞ ቡና ተፈልቶ ሳለ ጀበናውን ገፍቶት እግሩ ላይ ፈሰሰበት። ቁስሉ ድኗል፤ ጠባሳ ግን ትቶበታል። እህቱ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ በእሱ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟት አያውቅም። አማቴ «ዓይን ነው» ይላሉ። ባለቤቴ ሠራተኛዋ ስለማትጠብቀው ነው፣ እንቀይራት ይላል። ልጄ የሆነ ችግር ይኖርበት ይሆን? (እናት፣ ከጀሞ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እንደ ገለጻዎ ከሆነ ልጅዎ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። ወንድ ነው። ሦስት ዓመት አልሞላውም። ፎቅ ላይ ይኖራል። ቤት ውስጥ ቡና የሚፈላው መሬት ላይ ነው። ይህን ብቻ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ የደረሰበትን ግማሹን እገምት ነበር።

ዋናው ነገር ዕድሜው ነው። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ይሮጣል፣ ይንጠላጠላል፣ ያገኘውን ይጎትታል። ማመዛዘኑ ግን ገና አልመጣም። «አትንካ!» ሲሉት ይገባዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጀበናው ሲያጓጓው ያንን አስታውሶ ራሱን መግታት ግን ሌላ ችሎታ ነው፤ ዓመታት ይፈልጋል። ደግሞ በየወሩ አዲስ ነገር ይማራል። ባለፈው ወር ያልደረሰበት መቀርቀሪያ ዛሬ ይከፍተዋል። ወላጅ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ቤቱን ያደራጀነው ልጁ ድሮ በሚችለው ልክ ነው።

ሁለተኛው ወንድ መሆኑ ነው። በአብዛኞቹ የአደጋ ዓይነቶች ወንዶች ልጆች ከሴቶች በልጠው ይጎዳሉ። ከፊሉ ከባሕርያቸው ነው። ከፊሉ ግን ከእኛ ነው፤ ሴቷን «ተይ ትወድቂያለሽ» እንላታለን፣ ወንዱን «ወንድ ነው ተዉት» እንላለን። ስለዚህ ከእህቱ ጋር ባያወዳድሩት ደስ ይለኛል።

ስለ ዓይን ከአማትዎ ጋር አልከራከርም። ግን «ዓይን ነው» ከተባለ በኋላ ጀበናው እዚያው ቦታው ላይ ይቀራል፤ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 830,000 ያህል ልጆች ሳይታሰብ በሚደርስ አደጋ ይሞቱ ነበር። ከእነዚህ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት በድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። የእኛ ልጆች ከሌላው ዓለም ልጆች ይበልጥ ረባሾች ሆነው አይደለም። እሳቱ መሬት ላይ ነው፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ደረጃው መደገፊያው የላላ ነው፣ እናት ደግሞ ሥራ ላይ ነች።

እስቲ ወደ ቡናው እንመለስ። የሕፃን ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ ይሳሳል። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ትንሽ ልጅን በጥልቀት ለማቃጠል አምስት ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ተንፈቅፍቆ የወረደ ቡና ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ቡና ተዉ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። ግን ከሰሉና ጀበናው ልጁ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁኑ፣ ወይም ቡናው ማድ ቤት ተፈልቶ በሩ ይዘጋ። ረከቦቱ ሳሎን የግድ መቅረብ ካለበት አንድ ሰው ቡናውን ትቶ ልጁን ብቻ ይያዝ። ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ ትኩስ ሲኒ ማንሳትም ራሱ አንዱ የቃጠሎ መንገድ ነው። የድስት እጀታ ወደ ግድግዳ ይዙር። የውሃ ማፍያ ገመድ ከጠረጴዛ ላይ አይንጠልጠል፤ ልጅ ገመድ ሲያይ ይጎትታል።

በዚያን ቀን ምን እንደቀባችሁት አልነገሩኝም። ቂቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና ሊጥ የተቀባባቸው ልጆች ወደ እኛ ይመጣሉ። አንዱም አይጠቅምም፤ ሙቀቱን ያፍናል፣ ቁስሉን ያቆሽሻል። የተቃጠለ ልጅ ቶሎ ልብሱ ይውለቅ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን አይጎተት። ከዚያ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት። ቧንቧ ካልመጣ ከባልዲ እየቀዱ ማፍሰስ ይቻላል። በረዶ አይደረግም። የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው ይሸፈን፣ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈንና ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ ትንሽ ቢመስልም ይታይ። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

ባልዲ ሳነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ውሃ እየጠፋ ስለሚያስቸግር በየቤቱ በርሜልና ባልዲ ተሞልቶ ይቀመጣል። ትንሽ ልጅ ከላይ ይከብዳል፤ ባልዲ ውስጥ ጎንበስ ካለ በጭንቅላቱ ይገባና ተመልሶ መነሳት ያቅተዋል። ለመስጠም አምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። አይጮኽም፣ ብዙም አይንፈራገጥም። ክዳን የሌለው ባልዲ እሱ ካለበት ክፍል ይውጣ።

በረኪናና ነጭ ጋዝ በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ማስቀመጥ ደግሞ ለልጅ «ጠጣ» ብሎ እንደመስጠት ነው። ከጠጣ በፍጹም እንዲያስመልሰው አያድርጉ። በረኪናው ሲመለስ ጉሮሮውን ድጋሚ ያቃጥላል፣ ጋዙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ወተትም መርዙን አያረክሰውም። ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሕክምና ይሩጡ። ቆሎና ለውዝም አምስት ዓመት እስኪሞላው ይቆይ።

በረንዳው ላይ ወንበር ወይም የቢራ ሳጥን ካለ ዛሬውኑ ያንሱት፤ ልጅ የሚወጣው በእሱ ነው። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ መረብ ያስጠጉበት። ለውጭው በር ከላይ፣ እሱ በማይደርስበት ቦታ መቀርቀሪያ ያስገጥሙ። አምና ይህ ቢኖር ከደረጃው አይደርስም ነበር።

አሁን ሠራተኛዋ። እዚህ ላይ ከባለቤትዎ ጋር አልስማማም። አንድ ሰው ወጥ እየሠራ፣ እያጠበ፣ ቡና እያፈላ ሁለት ልጆች መጠበቅ አይችልም። እኔም አልችልም። ብትቀየር የምትመጣው አዲሷ ልጁን አታውቀውም፣ ቤቱን አታውቀውም፣ ጀበናው ግን ያው መሬት ላይ ይጠብቃታል። ይልቅ ምግብ በሚሠራበት ሰዓት፣ በተለይ አመሻሽ ላይ ሁሉም ሰው ሲደክመው፣ ልጁን ማን እንደሚይዝ በስም ተነጋገሩ። ባለቤትዎ በዚያ ሰዓት ቤት ካሉ መልሱ ቀላል ይመስለኛል። የሰባት ዓመቷን እህቱን ግን ጠባቂ አታድርጓት፤ እሷም ልጅ ነች።

«ችግር ይኖርበት ይሆን?» ላሉት፣ አንድ ጊዜ የሕፃናት ሐኪም ቢያየው አይከፋም። ዓይኑ ደህና ያያል? ጆሮው ይሰማል? ከሜዳ ተነስቶ ይወድቃል፣ ወይስ ሲወጣና ሲዘል ብቻ? አጥንቱ በቀላል ውድቀት የተሰበረ ከሆነ የቫይታሚን ዲ እጥረት መኖሩ ይታይ፤ አገራችን ፀሐይ ሞልቷት ይህ እጥረት በልጆቻችን ላይ ብዙ ጊዜ እናያለን። ዓይኑን አፍጥጦ ድንገት የሚደነዝዝ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሚስት ከሆነ የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ያምጡት። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ እሳት ላይ ይወድቃል፤ «ይተላለፋል» ተብሎ ስለሚፈራ ደግሞ ቶሎ የሚያነሳው ያጣል። በሽታው በመንካት አይተላለፍም። ሐኪሙ አደጋዎቹ እንዴት እንደደረሱ ዝርዝር ጥያቄ ቢጠይቅዎ አይቀየሙት፤ ደጋግሞ የተጎዳን ልጅ ሁሉ እንዲህ እንጠይቃለን።

ጭንቅላቱን መትቶት ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹሕ ፈሳሽ ከወረደ እስኪነጋ አይጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939።

ጠባሳውን በየቀኑ ሽታ በሌለው ቫዝሊን ያሹለት፣ ከፀሐይ ይሸፍኑለት። ቁርጭምጭሚቱን ወይም ጉልበቱን እየያዘ እንደልብ አላዘረጋው ካለ ግን ቶሎ ወደ ሐኪም ይመልሱት፤ ልጅ እያደገ ሲሄድ ጠባሳው አብሮት አያድግም።