ሦስት የምንለው ምኑን ነው? ስለ ምስጢረ ሥላሴ ጥያቄና መልስ

መልሶቹ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሠረት የተሰጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሦስትም አንድም ማለት እርስ በርሱ አይጋጭም?

የሚጋጨው ያንኑ አንዱን ነገር ሦስትም አንድም ብንለው ነበር። ሦስትነቱ በስም፣ በአካል፣ በግብር ነው፤ አንድነቱ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በፈቃድ፣ በሥልጣን ነው። ሰው የሚሳሳተው «ግብር» ላይ ነው። ሥራ ማለት ይመስለውና አብ ይፈጥራል፣ ወልድ ያድናል፣ መንፈስ ቅዱስ ይቀድሳል እያለ ያከፋፍላል። እዚህ ላይ ግብር ማለት አብ ወላዲና አሥራጺ (ወልድን የወለደ፣ መንፈስ ቅዱስን ያወጣ)፣ ወልድ ተወላዲ (የተወለደ)፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራጺ (ከአብ የወጣ) መሆናቸው ነው። መፍጠርማ የሦስቱም ነው።

ስናማትብ የምንለውን ቀስ ብላችሁ ስሙት፦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ»። «በስመ» ነጠላ ነው፤ «በአስማተ» (በስሞች) አላለም፤ ይህም አንድነቱን ያሳያል። ሁለቱ «ወ» ደግሞ አንዱ ሌላው እንዳልሆነ ይለያሉ። «አሐዱ አምላክ» ሲመጣ ሦስት አማልክት የሚል ሐሳብ በሩ ይዘጋበታል። ደንግጦ «በስመአብ!» ብሎ የሚተወው ሰው ዋናውን ማሠሪያ ሳይናገር ቀረ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለልጆች በረዶ፣ ውኃና እንፋሎት ብዬ ባስረዳስ?

ይቅርብዎ። ያው ውኃ በረዶ ሲሆን እንፋሎት አይደለም፤ እየተለዋወጠ ነው። ይህ አንድ አካል በሦስት ስም ይጠራል ያለው የመናፍቁ የሰባልዮስ ስሕተት ነው። በዮርዳኖስ ወልድ ሲጠመቅ፣ አብ ከሰማይ ሲመሰክር፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ሲወርድ በአንድ ጊዜ ነው (ማቴ. 3፥16-17)። የአባቶች ምሳሌ ፀሐይ ናት፤ ክበቧ፣ ብርሃኗ፣ ሙቀቷ። ብርሃኑ ከክበቡ ይወጣል፣ ግን ክበቡ ብርሃኑን ቀድሞ የኖረበት ሰዓት የለም። ምሳሌው የሚጎድለው ብርሃንና ሙቀት የየራሳቸው አካል ስለሌላቸው ነው፤ ይህንንም ለልጆቹ መንገር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ አብ ልብ፣ ወልድ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ ከተባለ፣ ወልድ ልብ የለውም ማለት ነው?

አይደለም። አብ ለራሱም ለወልድም ለመንፈስ ቅዱስም ልብ ነው፤ ወልድ ለሦስቱም ቃል፣ መንፈስ ቅዱስም ለሦስቱም እስትንፋስ ነው። ኩነት የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ልብ ስለሚያስቡ ፈቃዳቸው አንድ ነው። ጴጥሮስ፣ ጳውሎስና ዮሐንስ ግን ሦስቱም ሰው ቢሆኑ የየራሳቸው ልብ ስላላቸው ሦስት ሰዎች ይባላሉ። «ሦስት አማልክት» የማንለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጌታ ራሱ «ከእኔ አብ ይበልጣልና» ብሏል (ዮሐ. 14፥28)። ታዲያ?

መናፍቁ አርዮስም ወልድን ፍጡር ለማድረግ ከያዛቸው ጥቅሶች አንዱ ነው። ቃሉ የተነገረው ሰው ስለ ሆነ፣ የባሪያን መልክ ስለ ያዘ ነው (ፊል. 2፥6-7)። ያው ወንጌል «እኔና አብ አንድ ነን» ይላል (10፥30)፤ አንዱን ጥቅስ ይዞ ሌላውን መዝለል አይቻልም። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ» ብለው ቆረጡት፤ የተወለደ እንጂ የተፈጠረ አይደለም። አናጺ የሠራው ወንበር እንደ አናጺው ሰው አይሆንም፤ የወለደው ልጅ ግን ሰው ነው።

ጥያቄ፦ መንፈስ ቅዱስ ከወልድም ይሠርጻል የሚሉ አሉ።

ምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት በጸሎተ ሃይማኖት (በእምነት መግለጫው) ላይ የጨመሩት ነው። በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150ው አባቶች «ዘሠረጸ እምአብ» ብለው ነው ያቆሙት፤ ዮሐ. 15፥26ም «ከአብ የሚወጣ» ይላል። መላክና መሥረጽ መለየት አለባቸው። ወልድ መንፈስ ቅዱስን ወደ ሐዋርያት ልኮታል፤ መላኩ በጊዜ ውስጥ የሆነ ነው። መሥረጹ ግን ቅድመ ዓለም ነው።

ጥያቄ፦ «ቅድስት ሥላሴ» በሴት አንቀጽ የሚባለው ለምንድን ነው?

እናት ልጅ እንደምታስገኝና ለልጇ እንደምትራራ፣ ሥላሴም ዓለሙን አስገኝተው ይራሩለታልና ነው። ጾታ አይደለም።

ጥያቄ፦ በሥዕል ላይ ሦስት እኩያ ሽማግሌዎች ለምን ይሳላሉ?

ነጩ ጠጕር ከዳንኤል 7፥9 የመጣ ነው። ጢማቸውና ዕድሜያቸው እኩል መሆኑ አብ ወልድን በዘመን አይቀድመውም ለማለት ነው። በአራቱ ማዕዘን ያሉት ሰው፣ አንበሳ፣ ላምና ንስር የሚመስሉት አርባዕቱ እንስሳ (ዙፋኑን የሚሸከሙት አራቱ ሰማያውያን ፍጥረታት) ናቸው። አካል ሲባል ግን ሥጋና አጥንት እንዳይመስላችሁ፤ «እግዚአብሔር መንፈስ ነው» (ዮሐ. 4፥24)።

ጥያቄ፦ ዓረብ አገር ነው የምሠራው። «ሦስት አምላክ ታመልካላችሁ» ሲሉኝ ከየት ልጀምር?

ከፀሐይ ምሳሌ አይጀምሩ፤ ክርክሩ ወደ ፀሐይ ይዞራል። መጀመሪያ ዘዳግም 6፥4ን ይጥቀሱና «እኛም አንድ ነው የምንለው» ይበሉ። ቀጥሎ «ልጅ» ስንል ከሚስት የተወለደ ማለታችን እንዳልሆነ ያስረዱ፤ ብዙውን ጊዜ ቅሬታው ያለው እዚያ ነው። ከዚያ «እግዚአብሔር ያለ ቃሉና ያለ እስትንፋሱ የኖረበት ጊዜ ነበር?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው መልሱን ይጠብቁ።