ለወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፦ ስለ ፍላጀላ ምልክት

ውድ ልጆቼ፣

በጤና ጣቢያ የዊዳል ምርመራ (የታይፎይድ የደም ምርመራ) የሠራችሁ ሁሉ፣ ከሕመምተኛው ሴረም ጋር የሚቀላቀሉትን ሁለት ጠብታዎች፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነውን «ኦ» እና ቀዩን «ኤች»፣ ታውቋቸዋላችሁ። «ኤች» ከየት እንደ መጣ የሚጠይቀኝ ተማሪ ግን ጥቂት ነው። ፊደሉ የተወሰደው «ሃውኽ» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ እስትንፋስ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቫይልና ፌሊክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ፕሮቲየስ የተባለውን ባክቴሪያ ሲያሳድጉ፣ የሚዋኘው ባክቴሪያ በመስታወት ላይ እንደሚቀር የትንፋሽ ጭጋግ ያለ ስስ ሽፋን በአጋሩ (ባክቴሪያ በሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ ሲዘረጋ፣ የማይዋኘው ደግሞ ባለበት ሲቀር አዩ። «ኦ» ያለ እስትንፋስ ማለት ነው።

ባክቴሪያው የሚዋኝበት ክር ፍላጀላ ይባላል፤ «ኤች»ም የእርሱ ምልክት ነው። ክሩ ፍላጀሊን ከተባለ ፕሮቲን በሺዎች ተደርድሮ ይሠራል። ክሩ የሚገጣጠመው በፕሮቲኑ ሁለት ጫፎች ስለሆነ እነርሱ እምብዛም አይለወጡም፤ ወደ ውጭ የሚጋለጠው መካከለኛው ክፍል ግን ከስትሬን ስትሬን (ከአንዱ የባክቴሪያ ዘር ወደ ሌላው) በእጅጉ ይለያያል። ፕራይመራችንን (የጂን ንባብ የሚጀምርበትን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) በጂኑ ጫፎች ላይ አሳርፈን መሀሉን የምናነበው በዚህ ምክንያት ነው። ከ2,500 በላይ የሆኑት የሳልሞኔላ (የታይፎይድ ባክቴሪያ የሚመደብበት ወገን) ሴሮታይፖች፣ ማለትም በሴረም የሚለዩ ዓይነቶች፣ የተለዩትም በ«ኦ» እና በ«ኤች» ጥምረት ነው።

አብዛኛው ሳልሞኔላ ሁለት የፍላጀሊን ጂኖች አሉት፤ ወደ 1,000 ቤዝ የሚጠጋ የዲኤንኤ ቁራጭ ሲገለበጥ አንዱ ይተኛና ሌላው ይነቃል። እያንዳንዱን ሁኔታ «ፌዝ» እንለዋለን፤ በአማርኛ ጆሮ ሲሰሙት ያስቃል፣ ባክቴሪያው ግን በእርግጥ ያፌዝብናል። በወጣትነቴ አንድ የሳልሞኔላ ኮሎኒ በ«አይ» ሴረም (አንደኛውን ፌዝ ፍላጀላ «አይ»ን በሚይዘው) ወዲያው ሲጓጎል፣ በሁለተኛው ፌዝ ሴረሞች ሁሉ ግን ዝም ሲል አየሁና «ሁለተኛ ፌዝ የለውም» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝና «አስገድደኸዋል?» አሉኝ። የ«አይ»ን ሴረም በ0.3 በመቶ አጋር ውስጥ ቀላቅዬ፣ መሀሉ ላይ ሁለት አፍ ያላት ትንሽ ቱቦ አቁሜ ባክቴሪያውን በእርሷ ውስጥ ዘራሁ። «አይ»ን የለበሱት ሴሎች ሴረሙ ይዞ ሲያስቀራቸው፣ ሌላ የለበሱት ጥቂቶች በታችኛው አፍ ዋኝተው ወጥተው በማግስቱ ከቱቦዋ ውጭ ባለው አጋር ላይ አደጉ፤ ከዚያ ወስጄ ስሞክራቸው ሁለተኛው ፌዝ «1,2» ተገኘ። ያው የታወቀው ታይፊሙሪየም የተባለው ሴሮታይፕ ነበር።

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሁለተኛውን ፌዝ በእርግጥ ያጣ የታይፊሙሪየም ዘር በስፔን አሳማዎች ላይ ታይቶ ከዚያም በአውሮፓ በስፋት ተገኝቷል። የተኛውን ጂን እንደ ጠፋ የቆጠረ ሰው ይህ ዘር ከሚያስነሣው ወረርሽኝ ጋር ምንም ዝምድና የሌለውን ሕመምተኛ ከወረርሽኙ ይደምረዋል።

ካምፒሎባክተር በተባለው ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ፍላ-ኤ እና ፍላ-ቢ የተባሉት ጂኖቹ ጎን ለጎን የተቀመጡና እጅግ የሚመሳሰሉ በመሆናቸው ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ ከሌላ ስትሬንም ይቀበላሉ። ስለዚህ የፍላ-ኤ ንባብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ የዶሮ ቄራና ከደንበኞቹ የተወሰዱ ናሙናዎችን ለማነጻጸር መልካም ሲሆን፣ በዓመታት የተራራቁ ናሙናዎች በእርሱ ብቻ ዘመድ ናቸው ሊባሉ አይገባም፤ ለዚህ በባክቴሪያው ዲኤንኤ ላይ በየቦታው ተበታትነው የሚገኙ ሰባት ጂኖችን ወይም ሙሉውን ጂኖም (ዲኤንኤውን በሙሉ) ማንበብ ያስፈልጋል።

ዛሬ ሙሉ ጂኖም የሚያነብ መሣሪያ በእጃችሁ ሊኖር ይችላል፤ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እቀናለሁ። መሣሪያው ጂኑ መኖሩን ይነግራችኋል፤ ሴሉ በዚያች ሰዓት የትኛውን ክር እንደ ለበሰ የምታሳየው ግን ያቺው ትንሽ ቱቦ ናት። ቱቦውም ጂኖሙም በሌለበት ቀን፣ በውጤት ወረቀቱ ላይ «ሁለተኛ ፌዝ የለውም» ሳይሆን «ሁለተኛ ፌዝ አልታየም» ብላችሁ፣ ከሥሩም የሞከራችኋቸውን ሴረሞች ዘርዝራችሁ ጻፉ።