ታዋቂውን ዳታቤዝ ስትመርጡ

በቅርቡ አንድ ጀማሪ ፕሮግራመር እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ለዌብ አፕሊኬሽን ዳታቤዝ ሲባል ሁሉም ሰው ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል የሚለው ለምንድን ነው? ፍርሃት አይደለም?» ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ከ2010 እ.ኤ.አ. በፊት ነው። ቡድናችን ለአንድ የሽያጭ ድረ ገጽ ማይኤስኪውኤልን መረጠ። ምክንያቱ «ሁሉም ይጠቀምበታል» የሚል ብቻ ነበር። ያኔ ቴብል (የዳታ ሰንጠረዥ) ስትፈጥሩ፣ ሌላ ካልመረጣችሁ በዲፎልት የምታገኙት ማይአይሳም የሚባለውን ኢንጂን፣ ማለትም ዳታውን የሚያስቀምጠውን ክፍል ነው። ትራንዛክሽን፣ ማለትም ተያያዥ ለውጦችን ወይ ሁሉንም መመዝገብ ወይ ሁሉንም መተው፣ አያውቅም። ፎሪን ኪይ፣ ማለትም ትእዛዝ ያለ ደንበኛ እንዳይመዘገብ ቴብሎችን የሚያያይዝ ደንብ፣ ብትጽፉለት ስህተት ሳያሳይ ይቀበላል፤ ግን አያስከብረውም። መመሪያው ላይ በግልጽ ሰፍሯል። ከመካከላችን አንድ ልጅ አንብቦት ነበርና በስብሰባ ላይ ተናገረ። «ዓለም የሚሠራበትን አንተ ልታርም ነው?» ብሎ ኃላፊው አሳፈረው። ከወራት በኋላ ሰርቨሩ በሥራ መሃል ጠፋ። ሲነሳ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ትእዛዞች አገኘን። ገንዘብ ከፍለው ትእዛዛቸው ያልተመዘገበላቸው ደንበኞችም ነበሩ። አንድ በአንድ ከክፍያ መዝገብ ጋር እያመሳከርን አብዛኛውን መለስን። እኔን የሚቆጨኝ ግን ልጁ ነው። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ አያውቅም።

ሁለቱንም የሚያስከብረው ኢኖዲቢ የተባለው ኢንጂን ዲፎልት የሆነው በ2010 ከወጣው ከማይኤስኪውኤል 5.5 ጀምሮ ነው።

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ ግን አጭር ቪዲዮ አይታችሁ ዳታቤዝ ትመርጣላችሁ። መመሪያ ማንበብ ይሰለቻችኋል። ዳታን በቴብል የማደራጀትን ሐሳብ ያቀረበውን የኤድጋር ኮድን የ1970 ጽሑፍ ያነበብኩት ብዙ ዘግይቼ ነው። ፕሮግራሙ ዳታው ዲስክ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ማወቅ የለበትም ይላል። አሁንም ይደንቀኛል።

ይህን ሁሉ ብዬም፣ ዛሬ የምመክረው ያንኑ ታዋቂውን ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የሚገጥማችሁን ኤረር ሌላ ሰው ቀድሞ አይቶታል። ኤስኪውኤል (እነዚህ ዳታቤዞች የሚታዘዙበትን ቋንቋ) የሚያውቅ ባለሙያ መቅጠርም አይከብድም። ቅርጹ የሚለዋወጥ ዳታ ካላችሁ ፖስትግሬስ ከ2014 ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ዳታ የሚሆን ጄሰንቢ የሚባል የዳታ ዓይነት አለው። ከቴብል ይልቅ ዶክመንት የሚያስቀምጠው ዳታቤዝ ሞንጎዲቢ ራሱ በ2018 በብዙ ዶክመንቶች ላይ የሚሠራ ትራንዛክሽን ጨምሯል። ስለ ባክአፕ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ለጠየቀኝ ልጅ ፖስትግሬስ አልኩት፤ ሥራው ክፍያና ትእዛዝ ነው። ግን ለሰው ከመክፈቱ በፊት ትእዛዝ እየተመዘገበ ሳለ ፕሮሰሱን በኃይል እንዲያቋርጠውና ቴብሎቹ ውስጥ ምን እንደቀረ እንዲያይ ነግሬዋለሁ። ቡድኑ ውስጥ «ይሄ ነገር አላማረኝም» የሚል ካለ ደግሞ እስኪጨርስ ያዳምጠው።