የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎችና የብሔራዊ ደህንነት ክርክራቸው፦ ጥያቄና መልስ

የአሜሪካን ወግ አጥባቂ ተንታኞች ለረጅም ጊዜ ሳነብና ሳዳምጥ በመቆየቴ፣ በብሔራዊ ደህንነት ዙሪያ የተነሱትን ጥያቄዎች እንድመልስ ተጠይቄአለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ዝንባሌዬን መደበቅ ስለማይገባኝ አስቀድሜ ልናገር፤ ጠንካራ መከላከያ ያስፈልጋል ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ነገር ግን ጦር ለማዝመት መቸኮልን አልደግፍም። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስለ ኢራን ሁለት ሰዎች ፍጹም የሚቃረን ነገር ሲናገሩ ሰማሁ፤ ሁለቱም ግን ወግ አጥባቂ ነን ይላሉ። እውነተኛው የትኛው ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ናቸው። በጁን 2025 አሜሪካ የፎርዶን፣ የናታንዝንና የኢስፋሃንን የኑክሌር ተቋማት ስትደበድብ የሬዲዮ አቅራቢው ማርክ ሌቪን እርምጃውን አጥብቀው ደግፈዋል፤ የቴሌቪዥን አቅራቢ የነበሩት ተከር ካርልሰን ደግሞ ከድብደባው በፊት ጀምረው አገሪቱ ወደ ሌላ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት እየተጎተተች ነው ብለው ሲቃወሙ ነበር። ሁለቱም የየራሳቸው የዘር ሐረግ አላቸው። በዘመናቸው «ሚስተር ሪፐብሊካን» ይባሉ የነበሩት የኦሃዮው ሴናተር ሮበርት ታፍት፣ የኔቶ ስምምነት በ1949 በሴኔት 82 ለ13 በሆነ ድምፅ ሲጸድቅ ከ13ቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ነበሩ፤ ስምምነቱ አሜሪካን አውሮፓን ወደ ማስታጠቅ ግዴታ ያስገባታል የሚል ስጋት ነበራቸው። በ1952 በፓርቲው የእጩነት ውድድር በአይዘንሃወር ሲሸነፉ ያ አመለካከት ለአርባ ዓመት ያህል ወደ ዳር ተገፋ። ዊልያም ባክሊ በ1955 ባቋቋሙት ናሽናል ሪቪው መጽሔት ዙሪያ የተሰባሰቡት ጸሐፍት፣ ነጻ ገበያን የሚያስቀድሙትን፣ ሃይማኖትና ትውፊት ይጠበቅ የሚሉትንና ኮሙኒዝምን የሚቃወሙትን በአንድ ጥላ ሥር ለማሰባሰብ የቻሉት ከሁሉም በላይ የጋራ ጠላት ስለነበራቸው ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ማሰሪያው ተፈታ። በማግሥቱ፣ በ1992፣ የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት የተቃወሙት ተንታኙ ፓት ቡካናን በሥልጣን ላይ የነበሩትን ፕሬዚዳንት ቡሽን (አባትየውን) በገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ ተገዳድረው በኒው ሃምፕሻየር የቅድመ ምርጫ ውድድር 37 በመቶ ያህል ድምፅ አገኙ። ስለዚህ ዛሬ «አሜሪካ ትቅደም» ሲባል የምንሰማው፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት በ2016 ከዶናልድ ትራምፕ ጋር የተፈጠረ ሳይሆን ተዳፍኖ የቆየ ፍም ነው።

ጥያቄ፦ የወግ አጥባቂዎቹ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይህን ያህል ኃይል ከየት አገኙ?

መልስ፦ አወዛጋቢ ጉዳዮችን በሚዛን እንዲያቀርቡ የብሮድካስት ጣቢያዎችን ያስገድድ የነበረው ደንብ በ1987 ተነሣ፤ ወግ አጥባቂው የሬዲዮ አቅራቢ ሩሽ ሊምቦ በዓመቱ በመላ አገሪቱ መሰማት ጀመሩ፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው ፎክስ ኒውስ በ1996 ተከተለ። ሌላም ምክንያት አይጠፋም፤ ዋናው ግን ይህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ «በጥንካሬ የሚጠበቅ ሰላም» የሚለው የሬጋን መርሕ፣ ጦርነት ወዳድነትን በጥሩ ቃል ማልበስ አይደለምን?

መልስ፦ የሬጋንን ንግግሮች ብቻ የሰማ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም፤ ሥራቸውን የተከታተለ ግን ሌላ ነገር ያያል። ኦክቶበር 23 ቀን 1983 በቤይሩት የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ሰፈር ፈንጂ በጫነ መኪና ተመትቶ 241 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ሬጋን ጦርነቱን በማስፋት ፋንታ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ጦራቸውን ከቤይሩት አስወጡ። የመከላከያ ሚኒስትራቸው ካስፓር ዋይንበርገርም ከዚያ ሐዘን በኋላ፣ በኖቬምበር 1984፣ ጦር ከመዝመቱ በፊት መመለስ አለባቸው ያሏቸውን ስድስት ጉዳዮች በአደባባይ አቀረቡ፤ ይኸውም የአገሪቱ ወይም የአጋሮቿ መሠረታዊ ጥቅም መነካቱ፣ ለማሸነፍ ቆርጦ መግባት፣ ፖለቲካዊውና ወታደራዊው ግብ ተለይቶ መታወቁ፣ የጦሩ መጠን ከግቡ ጋር በየጊዜው መመዘኑ፣ ሕዝቡና ኮንግረሱ እንደሚደግፉ በቂ ማረጋገጫ መኖሩ፣ በመጨረሻም ኃይል ሌላው መንገድ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ የሚመጣ መሆኑ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ሹልትስ በዚህ አልተስማሙም፤ እንዲህ ያለ ጥብቅ መመዘኛ ለሽብር ምላሽ የሚሰጠውን እጅ ያስራል ባይ ነበሩ። በአንድ ካቢኔ ውስጥ፣ በአንድ ፕሬዚዳንት ሥር የተቀመጡ ሁለት ወግ አጥባቂዎች ነበሩ።

እኔ ለዋይንበርገር አደላለሁ። የሹልትስን ሥጋት አልንቀውም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በመጡት አርባ ዓመታት የጎዳን የእጅ መታሰር ሳይሆን ግቡ ሳይለይ መግባት ነው ብዬ አምናለሁ። ሬጋን በዲሴምበር 1987 ከጎርባቾቭ ጋር የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን የሚያስወግደውን ስምምነት ሲፈርሙ፣ አጥብቀው የተቃወሟቸው በአብዛኛው የገዛ ወገኖቻቸው እንደነበሩም መርሳት አይገባም፤ ሴኔቱ ግን በቀጣዩ ዓመት 93 ለ5 አጽድቆታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያ ሁሉ ጥንቃቄ በኢራቅ ጊዜ የት ሄደ?

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወግ አጥባቂ ነኝ የሚል ሰው ሊሸሸው አይችልም። ጆርጅ ቡሽ ልጅየው በ2000 ሲወዳደሩ የአሜሪካ ጦር የሌላ አገር መንግሥት ግንባታ ሥራ ሊሰጠው አይገባም ይሉ ነበር። የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ያንን አቋም ለወጠው፤ በኦክቶበር 2002 የጦርነቱ ፈቃድ ለድምፅ ሲቀርብ ከተወካዮች ምክር ቤት ስድስት፣ ከሴኔት ደግሞ አንድ ሪፐብሊካን ብቻ ተቃወሙ። ለጦርነቱ ምክንያት የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት አልተገኘም። ፖለቲካዊው ዋጋ የተከፈለው ግን ዘግይቶ ነው፤ ዶናልድ ትራምፕ በፌብሩዋሪ 2016 ብዙ ወታደሮችና ጡረተኞቻቸው በሚኖሩባት ሳውዝ ካሮላይና፣ በሪፐብሊካኖች የክርክር መድረክ ላይ ጦርነቱን ትልቅ ስሕተት ብለው ካወገዙ በኋላ ግዛቲቱን አሸነፉ። በክርክሩ ምሽት አዳራሹ ውስጥ የተቃውሞ ጩኸት ሲሰማ የሰውየው ነገር አበቃለት ብዬ ነበር። ግምቴ ከንቱ ሆኖ ቀረ፤ ልጆቻቸው የዘመቱባቸው ቤተሰቦች አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት ይልቅ ነገሩ ገብቷቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ሪፐብሊካኖች በዩክሬን ጉዳይ ለምን ተከፋፈሉ? ሩሲያን መቃወም የነሱ ጉዳይ አልነበረምን?

መልስ፦ በአፕሪል 2024 የ61 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ የዩክሬን ድጋፍ በተወካዮች ምክር ቤት 311 ለ112 ሲያልፍ፣ 112ቱ ተቃዋሚዎች በሙሉ ሪፐብሊካን ነበሩ፤ የደገፉት ሪፐብሊካኖች 101 ናቸው። አፈ ጉባኤው ማይክ ጆንሰን ከገዛ ወገናቸው አብላጫው እየተቃወመ ለድምፅ ማቅረባቸው ቀላል ውሳኔ አልነበረም። የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ሁሉ ለሞስኮ ማዘን አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው፤ አንዳንዶቹ መሣሪያው ለቻይና ስጋት መቀመጥ አለበት፣ አንዳንዶቹ የደቡቡ ድንበር ይቅደም፣ ሌሎቹም አውሮፓ የራሷን ሸክም ትሸከም ይሉ ነበር። የመጨረሻው ክርክር ውጤት አላመጣም ማለት አይቻልም። የኔቶ አባላት በ2014 ቃል የገቡት ከአገራዊ ምርታቸው 2 በመቶ ለመከላከያ ለማዋል ነበር፤ በ2025 በሄግ ጉባኤ ግን እስከ 2035 ወደ 5 በመቶ ለማድረስ ተስማምተዋል፣ ከዚህም 3.5 በመቶው ለመከላከያው ለራሱ ነው። ስለ ገንዘቡ ለጠየቁትም ልጨምር፦ በ2024 የበጀት ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ለዕዳ ወለድ የከፈለው ለመከላከያ ካወጣው በልጧል፤ ይህን ቁጥር ሳያነሣ ስለ ጠንካራ ጦር የሚያወራ ተንታኝ ከሁለቱም ወገን አለ።

ጥያቄ፦ ሕግና ሥርዓት ይከበር ሲል የኖረ ወገን የፌዴራል ምርመራ ቢሮውን ስለምን መጠራጠር ጀመረ?

መልስ፦ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የመንግሥትን የስለላ ሥልጣን ያሰፋውን፣ በ2001 የወጣውን ፓትሪዮት አክት የተባለ ሕግ የደገፉት ብዙዎቹ ሰዎች ያን ጊዜ የስለላው ሥልጣን በማን እጅ እንደሚወድቅ አልጨነቃቸውም ነበር። በዲሴምበር 2019 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ተቆጣጣሪ፣ ቢሮው የትራምፕ ምርጫ ዘመቻ አማካሪ የነበሩትን ካርተር ፔጅን ለመከታተል ለፍርድ ቤት ባቀረባቸው ማመልከቻዎች ውስጥ 17 ከባድ ስሕተቶችና ግድፈቶች ማግኘቱን ገለጸ። ያው ተቆጣጣሪ ምርመራው የተከፈተው በፖለቲካ ጥላቻ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ አለማግኘቱንም ጽፏል፤ ይህን ሁለተኛውን ግኝት የኛ ወገን ተንታኞች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። በአፕሪል 2024 አንቀጽ 702 የሚባለው የውጭ አገር ሰዎች ስለላ ሥልጣን ሲታደስ፣ በዚያ የተሰበሰበ የአሜሪካውያን መረጃ ያለ ዳኛ ፈቃድ እንዳይፈተሽ የሚጠይቀው ማሻሻያ 212 ለ212 እኩል ድምፅ አግኝቶ ወደቀ። ድጋፉም ተቃውሞውም ከሁለቱም ፓርቲዎች የመጣ ነበር።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንቱ ኮንግረሱን ሳይጠይቁ ሌላ አገር መደብደብ ይችላሉን?

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ ጦርነት የማወጅን ሥልጣን ለኮንግረስ፣ የጦር ኃይሎች ዋና አዛዥነትን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል። በ1973 የኒክሰንን ተቃውሞ ሽሮ የጸደቀው ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ እንዲያሳውቁና ፈቃድ ካልተገኘ በ60 ቀን ውስጥ ጦርነቱን እንዲያቆሙ ይላል፤ ጦሩን በደኅና ለማስወጣት ግድ ከሆነም ተጨማሪ 30 ቀን ይፈቅዳል። ከሁለቱም ፓርቲ የመጡ ፕሬዚዳንቶች ይህን ሕግ እንደሚመቻቸው ተርጉመውታል። ዴሞክራት ሥልጣን ላይ ሲሆን ሕገ መንግሥቱን እየጠቀሰ የሚጮህ፣ የራሱ ሰው ሲገባ ዝም የሚል ተንታኝ ለእኔ ጠበቃ እንጂ ወግ አጥባቂ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ሬጋን ደርግን የሚጠሉ ከነበሩ በ1977ቱ ረሃብ ለምን እርዳታ ላኩ?

መልስ፦ የጠቀሱት በኛ አቆጣጠር 1977 የሚባለው ዘመን በአውሮፓውያኑ ከ1984 እስከ 1985 ያለው ነው። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ክርክር ነበረ፤ እህሉ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን መንግሥት ያጠናክራል የሚል ስጋት በግልጽ ይነሣ ነበር፣ ስጋቱም ባዶ አልነበረም፤ ደርግ ሰፈራውን በዚያው ወቅት ያካሂድ ነበርና። ሬጋን ግን የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም በሚል አቋም ጸኑ፤ ከእርዳታውም ብዙው በበጎ አድራጎት ድርጅቶች በኩል እንዲከፋፈል ተደረገ። ያው የሬጋን መንግሥት በአንጎላና በአፍጋኒስታን የሶቪየት ወዳጆችን ለሚወጉ ኃይሎች መሣሪያ ሲልክ፣ ወደ ኢትዮጵያ በስፋት የመጣው ስንዴ ነበር።