«ተቀላቀለ»፣ «ተዋሐደ» ወይስ «ጠቅልሎ ገባ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ለጀማሪዎች ሊኑክስ ስለሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና በአማርኛ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። አንድ ድራይቨር (አንድን የኮምፒውተር ዕቃ የሚያሠራ ፕሮግራም) ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ውጭ በሌሎች ሰዎች እጅ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ከርነሉ ውስጥ ሲካተት፣ እኛ እርስ በርሳችን «ሜርጅ ተደረገ» ነው የምንለው። በአማርኛ ልጻፈው ብዬ «ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ተቀላቀለ» አልኩ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ተዋሐደ» በል ብሎ ድርቅ አለ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል።

ካንተ ልጀምር። ችግሩ «ተቀላቀለ» ላይ አይደለም፣ «ጋር» ላይ ነው። ወተት ከቡና ጋር ይቀላቀላል፤ የጤፍ ዱቄት ከማሽላ ዱቄት ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ ለይተህ አታወጣውም። ያው ግስ «ን»ን ሲያስቀድም ግን ነገሩ ይለወጣል። የስፖርት ጋዜጠኛው «አጥቂው አዲሱን ክለቡን ተቀላቀለ» ሲል፣ ልጁ ከተከላካዮቹ ጋር አብሮ ተቦካ ብሎ የሚያስብ የለም። ማሊያ ለበሰ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ የአሠልጣኙን ሕግ ተቀበለ፤ ስሙና ችሎታው ግን የራሱ ነው። ስለዚህ «ከርነሉን ተቀላቀለ» ብትል ኖሮ ዝም ብዬ አሳልፍህ ነበር። አንዲት ፊደል ናት ልዩነቱ።

የባልደረባህ ቃል ከግዕዝ የመጣ ነው፣ ክብደት አለው። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ተዋሕዶን ሲያስረዱ «ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ውላጤ» ይላሉ። ቱሳሔ መቀላቀል ነው፣ ውላጤ ደግሞ መለወጥ። እንግዲህ እነሱ ዘንድ መዋሐድ ማለት ሳይቀላቀሉ አንድ መሆን ነው፤ እናንተ እንደ ተመሳሳይ ቃል የተከራከራችሁባቸውን ሁለት ቃላት ሊቃውንቱ ከለዩዋቸው ስንት ዘመናቸው! የዛሬው የዜና አማርኛ ግን ይህን ትቶታል። ሁለት ኩባንያዎች ተዋሐዱ ሲባል የምንሰማው ሁለቱም ስማቸውን ጥለው ሌላ ሦስተኛ ሆኑ ብለን ነው።

አሁን እውነተኛውን ነገር እንየው። ዋየርጋርድን ታውቀዋለህ፤ ለቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ ለሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) የሚያገለግል፣ ራሱን እንደ ኔትወርክ ካርድ የሚያቀርብ ድራይቨር ነው። ለዓመታት ከከርነሉ ውጭ ኖረ። የሊኑክስ ከርነል በየ9 እና 10 ሳምንቱ አዲስ እትም ይወጣዋል፣ የውስጥ አሠራሩም እንደ ፈለገ ይለዋወጣል፤ ለውጭ ድራይቨር የሚጠነቀቅለት የለም፣ በየእትሙ እየተሰበረ ባለቤቱ እየተሯሯጠ ያስተካክለዋል። ውስጥ ከሆነ ግን አንድ የጋራ የኮድ ክፍል የለወጠ ሰው፣ በዚያ የሚጠቀሙትን ድራይቨሮች ሁሉ አብሮ የማስተካከል ግዴታ አለበት። የዋየርጋርድ ፈጣሪ ጄሰን ዶነንፌልድ እ.ኤ.አ. በ2018 ልግባ ብሎ ጠየቀ። ሆኖም ዚንክ የሚባል የራሱን የምስጠራ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ) ተሸክሞ ስለመጣ ክርክር ተነሣ፦ ቤቱ ውስጥ ምድጃ እያለ የራስህን ምድጃ ለምን ታመጣለህ ነው ነገሩ። በመጨረሻ ከርነሉ ባለው የምስጠራ አሠራር ለመጠቀም ተስማማ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በወጣው እትም 5.6 ውስጥ ገባ። ዛሬ ከኔትወርክ ድራይቨሮች መካከል የራሱ ፎልደር አለው፤ ስሙም እዚያው አለ።

እንግዲህ ፍረድ። አልተቦካም፣ ስለዚህ «ከከርነሉ ጋር ተቀላቀለ» አያስኬድም። ለመግባት ሲል ብዙ ስለተለወጠ «ያለ ውላጤ» የሚሉት ሊቃውንትም አይቀበሉህም። ከስሞ ሌላ ነገር አልሆነም፣ የዜናው «ውህደት»ም ይሰፋበታል።

እኔ የምመርጥልህ «ገባ»ን ነው። «ድራይቨሩ ወደ ከርነሉ ገባ»፣ «አስገቡት»፣ «ሳይገባ ቀረ»። ተራ ግስ ናት፣ ሁሉንም ትሸከማለች። የቴክኖሎጂ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ቃሉ ካልከበደ ሥራው የቀለለ ይመስላቸዋል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ፈገግ ማሰኘት ካማረህ ደግሞ «ጠቅልሎ ገባ» አለልህ። ዲሲ 20 ዓመት ኖሮ ዕቃውን ሸክፎ የመጣውን ሰው «ጠቅልሎ አገሩ ገባ» እንለዋለን፤ ሲመላለስ ቆይቶ ኑሮውን እዚህ አደረገ ማለት ነው። ውጭ ቆይቶ ኮዱን ይዞ ለገባ ድራይቨር ከዚህ የሚቀርብ አላገኘሁም።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ «ስቴጂንግ» የሚባል ፎልደር አለ። ኮዳቸው ገና ያልጠራ ድራይቨሮች እዚያ ይቆያሉ፤ የተስተካከለው ወደ ዋናው ቦታ ያልፋል፣ ተስፋ የሌለው ይሰረዛል። ብዙዎች «መድረክ» ብለው ሊተረጉሙት ይፈተናሉ፤ ዘፈን የሚዘፈንበት አይደለም እኮ! «አመክሮ» በለው። ገዳም የገባ ሰው ከመመንኮሱ በፊት በአመክሮ ይቆያል፦ እየታዘዘ፣ እየተፈተነ፣ ግቢው ውስጥ ሆኖ ገና ሳይቆጠር። እርግጥ ከተሜው አመክሮ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ከእስር መፈታት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ስትጽፈው በአንድ መስመር አስረዳ።

«ድራይቨር»ን አትንካው። «የመሣሪያ ነጂ» ብለህ ከጻፍክ አንባቢህ መንጃ ፈቃድ ይጠይቅሃል።

ባልደረባህ ካኮረፈ፣ ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ሁለት ቅርንጫፎች ሜርጅ ሲደረጉ «ማዋሐድ»ን ስጠው። ሁለት የሥራ ታሪኮች ተገናኝተው አንድ የሚሆኑት እዚያ ነው፤ እዚያ ላይ ልክ ነው።